ውሃው 92 ላይ ሲፈላ፦ ስለ ሳይንስ ትምህርት ለትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴር፣
እንዲሁም ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች፤

ጤና ይስጥልኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። የምጽፍላችሁ ስለ ደመወዝ አይደለም፤ እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይወጣዋል። የምጽፍላችሁ ክፍል ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ነው። የሳይንስ ውጤት በወደቀ ቁጥር መምህሩ ለሥልጠና ይጠራል። ሠልጥኖ ይመለሳል። ክፍል ሲገባ ግን የሚያስተምረው እንደ ድሮው ነው። ከዚያ “መምህሩ ለለውጥ ዝግጁ አይደለም” ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። እኔ በዚህ አልስማማም። መምህር የሚያስተምረው በሚያምነው ነው። እምነቱን ደግሞ ከሰማይ አላመጣውም። የሠራንበት ትምህርት ቤት ነው ያስተማረን።

ቁጥሮቹን ያወጣችሁት እናንተው ስለሆናችሁ ታውቋቸዋላችሁ። የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ወስደው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ አድርጋችሁ ኩረጃውን በማስቆማችሁ አመሰግናለሁ። እውነቱን ማወቅ ያስፈልግ ነበር። እውነቱ ከታወቀ በኋላ ግን ጣቱ ሁሉ መምህሩ ላይ ብቻ መቀሰሩ ያሳስበኛል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዲፓርትመንት ተጠሪ በነበርኩበት ጊዜ የባልደረቦቼን ክፍል እየገባሁ አይ ነበር። ሁለት መምህራን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተመሳሳይ ትምህርት ሲሰጡ አየሁ፤ ውሃ አፍልቶ ሙቀቱን በተርሞሜትር መለካት። ሁለቱም ክፍል ከ70 ያላነሰ ተማሪ ነበረው። ሁለቱም መምህራን የተጠቀሙት በአንድ የኤሌክትሪክ ምድጃና በአንድ ተርሞሜትር ነው። በሁለቱም ክፍል ውሃው ተንተክትኮ ተርሞሜትሩ 92 ላይ ቆመ።

የመጀመሪያው መምህር ቁጥሩን አየና “ተርሞሜትሩ ችግር አለበት፣ 100 ብላችሁ ጻፉ” አለ። ሰባው ልጅ 100 ብሎ ጻፈ። ከፊት ወንበር የተቀመጠች ልጅ 92 ብላ ጽፋ ነበር። በላጲስ አጥፍታ አስተካከለች።

ሁለተኛዋ መምህርት ሰሌዳው ላይ 92 ብላ ጻፈችና ዝም አለች። ከኋላ አንዱ ልጅ “ቲቸር፣ መጽሐፉ 100 ነው የሚለው” አለ። “ታዲያ ማን ነው የተሳሳተው?” አለችው። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ ተርሞሜትሩ ነው አለ። አንዱ ውሃው ንጹሕ አይደለም አለ። አንዲት ልጅ ደግሞ እናቷ ደብረ ብርሃን ሄደው ባቄላ አልበስል እንዳላቸው ተናገረች። መምህርቷ እዚያ ላይ ያዘቻት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደብረ ብርሃን ላይ 91 እንኳ አይሞላም። ጋምቤላ ብንወርድ 98 አካባቢ ነው። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ስለሆነ ከ100 በጥቂቱ ያልፋል። መጽሐፉም ልክ ነው፣ ተርሞሜትሩም ልክ ነው። መጽሐፉ የሚናገረው ስለ ባሕር ወለል ነው።

እዚህ ላይ ሰው ቶሎ ብሎ የመጀመሪያውን መምህር “አያውቅም” ይለዋል። ያውቃል። ዲግሪ አለው፣ ግፊትና የመፍላት ነጥብ እንዴት እንደሚገናኙ ከእኔ በተሻለ ያስረዳል። በኋላ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ጠየቅኩት። “ፈተና ላይ የሚመጣው 100 ነው” አለኝ። “92 ብለው ቢያጠቁሩ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ደግሞ አንዴ መጽሐፉ ላይ ጥርጣሬ ከገባቸው ማን ይመልሳቸዋል?” መልሱ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንዱ የሥራው ሁኔታ ነው፤ ፈተናው፣ ተጠያቂነቱ። ሌላው እምነቱ ነው። ለእሱ ሳይንስ ያለቀለት፣ በመጽሐፍ የታሰረ መልስ ነው። የመምህር ሥራ ደግሞ መልሱን ሳይጎድል ማድረስ ነው። ሥልጠና የምትሰጡን ሁለቱንም ሳትነኩ ነው።

እምነቱ ከየት መጣ? አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ዳን ሎርቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ያነሱት ሐሳብ ለእኛም ይሠራል። መምህር ሥራውን መማር የሚጀምረው ኮሌጅ ሲገባ አይደለም፤ ተማሪ ሆኖ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አስተማሪዎቹን ሲያይ በኖረባቸው ዓመታት ነው። እስቲ የዛሬዎቹ የ30 እና የ35 ዓመት የሳይንስ መምህራን በልጅነታቸው ምን እያዩ እንዳደጉ አስቡ። ፕላዝማ ነው ያዩት። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ሳይንስና ሒሳብ በሳተላይት ቴሌቪዥን ይሰጥ ጀመር። ትምህርቱ የተዘጋጀው ደቡብ አፍሪካ፣ በእንግሊዝኛ ነበር። ከ40 ደቂቃው አብዛኛውን ቴሌቪዥኑ ይወስደዋል። መምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃዎች ይሰጡታል። ቴሌቪዥኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሴኮንድ ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ይናገራል። ልጁ ገና ጥያቄውን ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ እየመለሰ ነው። መብራት ከጠፋ ትምህርትም የለም።

ፕላዝማው መልካም ጎንም ነበረው። ቤተ ሙከራ በሌለበት ገጠር ያለ ልጅ ሙከራ ሲሠራ በዓይኑ አይቷል። ግን ያ ትውልድ ከስክሪኑ ሌላም ነገር ተምሯል፤ እውቀት ከሩቅ ቦታ ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ ሙከራ የሚሠራው ሌላ ሰው ነው፣ የእኛ ድርሻ ማየትና መጻፍ ነው። ያ ልጅ ዛሬ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ፊት ቆሟል። የአምስት ቀን ሥልጠና ሰጥታችሁት “አሳታፊ የማስተማር ዘዴ ተጠቀም” ስትሉት ያላየውን ነው የምትጠይቁት።

በዚህ ላይ ወደ ሙያው የገባበት መንገድ አለ። ከ2003 ዓ.ም. በኋላ ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን መጀመሪያ በአፕላይድ ሳይንስ ተመርቀው፣ ከዚያ በፒጂዲቲ የአንድ ዓመት የማስተማር ሥልጠና ወስደው የገቡ ናቸው። ጥሩ ጥሩ መምህራን ወጥተውበታል። ነገር ግን “ሌላ ሥራ እስካገኝ” ብሎ የገባው ብዙ ነው። እስካገኝ ያለ ሰው ደግሞ አዲስ ነገር ሞክሮ ራሱን አደጋ ውስጥ አይከትም። ኖት ይሰጣል፣ ፖርሽን ይሸፍናል፣ ይወጣል።

አሁን ስለ ሥራው ሁኔታ ልናገር። ይህን ከቢሮ ሆኖ ማየት ስለሚከብድ ትንሽ ልዘርዝረው።

ቢከር ከንብረት ክፍል ለማውጣት መምህሩ ሞዴል 22 ይፈርማል። ቢከሩ ተማሪ እጅ ላይ ከተሰበረ ተጠያቂው የፈረመው ነው። በብዙ ትምህርት ቤት ከደመወዝ ይቆረጣል፣ ወይም መምህሩ ከመርካቶ ገዝቶ ይተካል። ስለዚህ ዕቃው እንዳይሰበር የሚያደርገው አስተማማኝ መንገድ አለማውጣት ነው። እኔ በሠራሁበት አንድ ትምህርት ቤት በደንብ የተሟላ ቤተ ሙከራ ነበር። ማይክሮስኮፖቹ ካርቶናቸው ውስጥ ናቸው። የኬሚካሎቹ የመጠቀሚያ ጊዜ አልፏል። ላብ ቴክኒሺያኑ ተዛውሮ አልተተካም፣ ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው። ለኢንስፔክሽን ሰዎች ሲመጡ ክፍሉ ይወለወላል፣ ዕቃው ይደረደራል። ፎርሙ ላይ “ቤተ ሙከራ አለ” የሚለው ሳጥን ይሞላል። ስንት ተማሪ ምን ሞከረበት የሚል ሳጥን አላየሁም።

የተማሪው ብዛት ሌላው ነው። የራሳችሁ ደረጃ ለሁለተኛ ደረጃ በክፍል 40 ተማሪ ይላል። እኛ 70ም፣ ከዚያ በላይም እናስተምራለን። በ40 ደቂቃ ውስጥ ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ደቂቃ ብሰጥ 35ቱ ደቂቃ ያልቃል።

ቋንቋውም አለ። ለምሳሌ በኦሮሚያ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ሳይንሱ በአንድ ክረምት ወደ እንግሊዝኛ ይዞርበታል። መምህሩ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ያስረዳል፣ በእንግሊዝኛ ኖት ይጽፋል፣ ልጁ ኖቱን ይሸመድዳል። መሸምደዱ ስንፍና አይደለም። ያልገባውን ነገር ይዞ ለመቆየት ያለው አማራጭ እሱ ብቻ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሲገባ ደግሞ መጽሐፍ ሳይታተም ዘግይቶ ብዙ ልጆች በስልክ ሶፍት ኮፒ ሲያነቡ ከረሙ። ስልክ የሌለው ምን ያድርግ? የመምህሩ ኖት ብቸኛ መጽሐፉ ሆነ። በዚህ ሁኔታ “ኖት መስጠት ይቅር” ማለት ቀላል አይደለም። ወላጅም ማታ ደብተር ከፍቶ ያያል። ባዶ ከሆነ “ዛሬ አልተማራችሁም እንዴ?” ይላል።

ዝምታም ይቆጠራል። አብዛኛው ርዕሰ መምህር በኮሪደር ሲያልፍ ጸጥ ያለውን ክፍል ጥሩ ክፍል ነው ብሎ ያልፋል። የሚንጫጫውን በመስኮት ያያል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ያየሁት በአንዲት ወጣት የኬሚስትሪ መምህርት ነው። አዲስ ተመድባ መጣች። አሲድና ቤዝ ለማስተማር ቤተ ሙከራ አልጠየቀችም። ከርከዴ አፍልታ በሁለት ሊትር ሃይላንድ ይዛ መጣች። ሎሚ፣ የልብስ ሳሙና ውሃ፣ የአመድ ውሃ፣ ከመምህራን ሻይ ቤት የተዋሰቻቸው ብርጭቆዎች። ልጆቹን በቡድን በቡድን አደረገች። ከርከዴው ሎሚ ውስጥ ደማቅ ቀይ ሆነ። አመዱ ውስጥ ወደ አረንጓዴ ሄደ። አንዱ ልጅ “አሁን አረንጓዴው ላይ ሎሚ ብንጨምርበትስ ይመለሳል?” አለ። ዕቅዷ ላይ ያልነበረ ጥያቄ ነው። “ሞክረው” አለችው። ሎሚውን ሲጨምቅበት ብርጭቆው አረፋ ደፈቀ፣ ቀስ ብሎም ቀላ። ልጆቹ ጮኹ። አረፋው ምንድን ነው? ከየት መጣ? አመድ ውስጥ ካርቦኔት እንዳለና አሲድ ሲያገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚወጣ ያን ቀን የተማሩት ልጆች አይረሱትም። ማታ እናቶቻቸው ሊጥ ውስጥ የሚያዩት አረፋም፣ የእንጀራው ዓይንም የዚያው ጋዝ ሥራ መሆኑን ስትነግራቸው ከክፍል መውጣት አልፈለጉም።

ጩኸቱን ሰምቶ ርዕሰ መምህሩ በመስኮት መጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ሱፐርቫይዘር ክፍሏን ጎበኘ። የተሰጣት አስተያየት ሁለት ንዑስ ርዕስ ወደኋላ ቀርታለች፣ ዕለታዊ ዕቅዷ ላይ ያልተመዘገበ ተግባር አከናውናለች የሚል ነበር። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ ፎርሙ የሚጠይቀውን ነው የሞሉት። በሁለተኛው ዓመት ከርከዴው ቀረ። በሦስተኛው ዓመት ቀድማ የምትጨርስ፣ ኖቷ የተሟላ፣ ክፍሏ ጸጥ ያለ መምህርት ሆነች። አሁን ብትጠይቋት “እዚህ አገር ተማሪ ተኮር ትምህርት አይሠራም” ትላችኋለች። ከልቧ ነው የምትለው። ያንን እምነት ይዛ አልመጣችም ነበር።

ለዚህ ነው እምነቱንና የሥራ ሁኔታውን ለያይቶ ማከም አይቻልም የምለው። ሰውዬውን ብቻ ብታሠለጥኑ ትምህርት ቤቱ ይመልሰዋል። ዕቃ ብቻ ብትገዙ ካርቶኑ ውስጥ ይቀራል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) ድጋፍ ለሒሳብና ሳይንስ መምህራን የተሰጠው ሥልጠና መልካም ሐሳብ ነበረው፤ በአካባቢ በሚገኝ ዕቃ ሙከራ መሥራት፣ ትምህርቱን አቅዶ ሠርቶ መልሶ ማየት። ሐሳቡ የተመለሰበት ትምህርት ቤት ግን ያው ሞዴል 22 እና ያው የሱፐርቪዥን ፎርም የጠበቀው ነው።

ደግሞ ሳይንስ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ለምን ብለው ጠየቁ፣ ሞከሩ፣ እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አረጋገጡ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶ/ር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። የእኛ ተማሪ ቀንድ አውጣ የቢልሃርዚያ መካከለኛ ተሸካሚ መሆኑን ይሸመድዳል፣ ፈተና ላይም ያጠቁራል። ወንዝ ዳር ቆሞ የሞቱትን ቢያይ ግን ለምን ብሎ እንዲጠይቅ ያስተማረው የለም። ያንን ማስተማር ማይክሮስኮፕ አይጠይቅም። መምህሩ ጥያቄ ከመልስ እንደሚቀድም ማመን አለበት፣ ያመነውን ሲሠራም የሚቀጣው ሰው መኖር የለበትም።

እንግዲህ የምጠይቀው እነሆ። ብዙ ገንዘብ አይፈልግም።

ትምህርት እየተሰጠ የተሰበረ የቤተ ሙከራ ዕቃ በዲፓርትመንቱ ቃለ ጉባኤ ከመዝገብ እንዲወጣ መመሪያ አውጡ። መምህሩ አይክፈል። በየዓመቱ ለስብራት የሚሆን ትንሽ በጀት ከትምህርት ቤቱ ድጎማ ይመደብ። ይህ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ከብዙ ሥልጠና የበለጠ ካርቶን ያስከፍታል ብዬ አምናለሁ።

ፈተናው ላይ ደግሞ ጨክኑ። ምርጫ ጥያቄ በኮምፒውተር ስለሚታረም ማሰብን አይለካም ይባላል። ይለካል። የጋምቤላን፣ የአዲስ አበባንና የደብረ ብርሃንን ከፍታ፣ ውሃው የፈላበትንም ሙቀት በሠንጠረዥ ስጡ። ከዚያ ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ላይ ያለ ከተማ ውስጥ ውሃ ስንት ላይ ይፈላል ብላችሁ ጠይቁ፣ አራት አማራጭ አስቀምጡ። ወይም አንድ ተማሪ 92 ለክቷል፣ መጽሐፉ 100 ይላል፣ ቀጥሎ ምን ማድረግ አለበት ብላችሁ ጠይቁ። እንዲህ ያሉ ጥቂት ጥያቄዎች በየዓመቱ እንደሚመጡ አስቀድማችሁ አሳውቁ። ያ “100 ብላችሁ ጻፉ” ያለው ባልደረባዬ በሚቀጥለው ሳምንት ተርሞሜትሩን ይዞ ይገባል። አውቀዋለሁ፣ ለተማሪዎቹ የሚጨነቅ ሰው ነው። የሚጨነቀውም ስለ ፈተናው ነው።

የክረምቱ ሥልጠናም ይቀጥል፣ ግን መልኩ ይለወጥ። አዳራሽ ውስጥ ስለ አሳታፊ ትምህርት በስላይድ አታስተምሩን። እኛን ተማሪ አድርጋችሁ አስቀምጡንና ውሃ አፍሉልን፣ ከርከዴ አምጡልን፣ ስንሳሳት እዩን። ብዙዎቻችን እንዲህ ተምረን አናውቅም። ከዚያ መስከረም ላይ አንድ ልምድ ያለው መምህር ወደ ክፍላችን ይምጣ። ነጥብ ሊሰጠን ሳይሆን ካየው ላይ ሊያወያየን። ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) ብለን በየዓመቱ የምንሞላው ፋይል ይህን ሊተካ አልቻለም፤ እናንተም ታውቃላችሁ።

የሱፐርቪዥኑን ፎርም በተመለከተ አንድ መስመር ብቻ እንዲጨመርበት እጠይቃለሁ፤ “በዚህ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች የጠየቋቸው ጥያቄዎች” የሚል። ሱፐርቫይዘሩ ኋላ ወንበር ቁጭ ብሎ ጥያቄዎቹን እንደወረዱ ይጻፍ። ባዶ ከሆነ ባዶ ይተወው። የኬሚስትሪ መምህርቷ ፖርሽን አለመሸፈኗ ሲጻፍባት የዚያ ልጅ የሎሚ ጥያቄም አብሮ ይጻፍላት።

የእኛ ዲፓርትመንት አዲሱን ፎርም በመጪው የመጀመሪያ ሴሚስተር በራሱ ክፍሎች ላይ ለመሞከር ፈቃደኛ ነው። የሞላናቸውን ፎርሞች እንዳሉ እንልክላችኋለን። ለመጀመር የሚያስፈልገን ከክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የፈቃድ ደብዳቤ ብቻ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የፊዚክስ መምህር
አዲስ አበባ